የማህሊቃ ፊት

ሰንደሊ የሻል ሸማኔ ልጅ ነበረች። አባቷ ላሆር ላይ፣ ራቪ ወንዝ አጠገብ ባለ ሰፈር ሲሸምን ኖሮ በሳል በሽታ ሞተ። እናቷ ትንሿን ልጅ ይዛ አንድ ትልቅ ሹም ቤት በልብስ አጣቢነት ገባች። በዚያ ቤት የሰንደሊ እኩያ የሆነች የሹሙ ልጅ ነበረች፤ ማህሊቃ ትባላለች። ጨረቃ ፊት ማለት ነው። አያቷ ስሙን ያወጡላት ሳያዩዋት ነው እየተባለ በቤቱ ይቀለድ ነበር።

እውነትም ፊቷ ጨረቃ አይመስልም። ቅንድቧ ጥቅጥቅ ያለ፣ መሃል ላይ ሊገናኝ ትንሽ የቀረው ነው፤ ግራው ደግሞ ከቀኙ ከፍ ስለሚል ሁልጊዜ የነገሯትን ያላመነች ትመስላለች። አገጯ ሰፊ ነው። የላይኛው ከንፈሯ ላይ ከእንጆሪ ዛፍ ወድቃ ያተረፈችው ጠባሳ አለ። ጥርሷ ፍንጭት ነው፤ ስትስቅ ዓይኖቿ ጥፍት ብለው ፍንጭቷ ብቻ ይቀራል። ቆንጆ ናት ብሎ የመሰከረላት ሰው የለም። ግን እሷ ካለችበት ክፍል ተነስቶ መውጣት የሚፈልግ ሰውም አልነበረም።

ሁለቱ አብረው አደጉ። አንዷ እመቤት፣ አንዷ አገልጋይ መሆናቸውን የተረዱት ዘግይተው ነው። ሰንደሊ እጇ ለጸጉር የተፈጠረ ስለነበር ገና በልጅነቷ የማህሊቃ ጸጉር አበጣሪ ሆነች። ማህሊቃ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት ቁንጥንጥ ነበረች።

«ጸጉሬን ነው የምታበጥሪው ወይስ ዝሆን ነው የምትጎትቺው?» ትላለች።

«ዝሆንማ ቁም ሲሉት ይቆማል» ትላለች ሰንደሊ።

ማህሊቃ ሚርዛ ፈሩክዛድ ለሚባሉ የንጉሠ ነገሥቱ የአጎት ልጅ ስትዳር ሰንደሊም አብራ ሄደች። ለሰንደሊም ባል ተሰጥቷት ነበር፤ የዝሆን ጠባቂ ነው፤ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደክን አገር ዘመቻ ሄዶ በዚያው ቀረ። ልጅ አልወለደችም። ቀኗ ሁሉ የማህሊቃ ጸጉር ነበር፤ ጠዋት ዘይት መቀባት፣ ከሰዓት መጎንጎን፣ ማታ መፍታት። ሚርዛም ሚስታቸውን ይወዱ ነበር። ያችን ከፍ ያለች ቅንድብ ዓይተው «ደግሞ ዛሬ ምን ዋሸሁሽ?» ሲሏት የቤቱ ሴት ሁሉ ከመጋረጃ ኋላ ይስቃል።

ማህሊቃ በዝናቡ ወራት፣ ሴት ልጅ ወልዳ፣ በማግስቱ ሞተች። አጥበው ሲገንዟት ጸጉሯን ያበጠረችው ሰንደሊ ናት። ያን ቀን ማህሊቃ አልተቁነጠነጠችም።

ሚርዛ ከሚስታቸው ቀጥሎ የሚወዱት ነገር ስዕል ነበር። በቤታቸው ሰዓሊዎች፣ ቁም ጸሐፊዎችና ወርቅ ቀቢዎች ነበሯቸው፤ አንድ ትልቅ የስዕል መድብልም እያሠሩ ነበር። በአንዱ ገጽ ሚርዛ ጭልፊት በእጃቸው ላይ አሳርፈው ቆመዋል፤ በሌላው የአባታቸው ምስል አለ፤ በሌላው ንጉሠ ነገሥቱ ከራሳቸው ዙሪያ የወርቅ ብርሃን ከቧቸው ተቀምጠዋል። የየገጹ ዳር በወርቅ በተሳለ አበባ የተሞላ ነው። ከሚርዛ ምስል ትይዩ ያለው ገጽ ግን ገና ባዶ ነበር። ከሐዘኑ በኋላ ሚርዛ ያንን ባዶ ገጽ ሲያዩ ዋሉና «እዚህ ላይ እሷ ትሁን፤ ዓይን ለዓይን እንተያይ» አሉ።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የእልፍኝ እመቤትን ፊት ያየ ሰዓሊ የለም፤ አይቶም በሰላም አያድርም። በእልፍኙ ውስጥ ስዕል የምትሞክር አንዲት ሴት ነበረች፣ እሷም ከአበባና ከወፍ አልፋ አታውቅም። ሚርዛ ራሳቸው ለሰዓሊው ሊነግሩ ሞክረው «ዓይኖቿ…» ብለው ከጀመሩ በኋላ ለቅሶ ቀደማቸው። በዚህ ጊዜ ያቁት የሚባለው የእልፍኙ ጃንደረባ «ጸጉር አበጣሪዋ ትንገረው፤ ከሷ በላይ ያንን ፊት በቅርብ ያየ ማን አለ?» አለ።

ሰንደሊ ይህን ስትሰማ ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት። እያንዳንዷን ነገር ታውቃለች። ዓይኗን ከጨፈነች ማህሊቃ ፊቷ ቁጭ ትላለች፤ ይህንን አውጥቶ መናገር ምን ይከብዳል ብላ ነው የሄደችው።

በመጋረጃው ወዲያ ማዶ ሰዓሊው ኡስታዝ ቲሎክ ተቀምጧል፤ ወዲህ ሰንደሊ። ኡስታዝ የሚሉት የስዕል መምህር ስለሆነ ነው። ያቁት ከመሃል ሆኖ ወረቀቱን ያቀብላል።

«እህቴ፣ ከግንባር እንጀምር» አለ ሰዓሊው።

«ግንባሯ ሰፊ ነው።»

«ምን ያህል?»

«እንግዲህ… ሰፊ ነዋ። ሦስት ጣት ይሆናል። አይ፣ የኔ ጣት ቀጭን ነው።»

«ይሁን። አገጯስ?»

«እሱም ሰፋ ይላል።»

«እንደ ማን?»

«እንደ ማን ይባላል? እንደ ራሷ ነዋ!»

ያቁት ሳቁን በሻሹ ጫፍ አፈነ። ሰዓሊው ግን አልሳቀም። በከሰል ነድፎ አቀበላት። ወረቀቱ ላይ ያለችው ዓይኗ እንደ ለውዝ የሆነ፣ ቅንድቧ እንደ ቀስት የቀጠነ፣ አገጯ የሾለ፣ በየመጽሐፉ ላይ የምትገኝ ሴት ናት።

«እሷ አይደለችም» አለች ሰንደሊ። «ቅንድቧ ወፍራም ነበር።»

አወፈረው። አሁን ደግሞ ጢም ያላወጣ ወጣት ወታደር መሰለች።

«ኧረ! ወንድ አደረጓት።»

«ወፍራም አላልሽም?»

«ብዬ ነበር፤ ግን እንዲህ አይደለም። ግራው ከፍ ይላል። ሲያዩት ደግሞ ያስቃል፤ አያስቀይምም።»

«የሚያስቅ ቅንድብ እንዴት ነው የሚሳለው፣ እህቴ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሰዓሊው እርስዎ አይደሉ?»

እንዲህ ሲሉ ሰነበቱ። ወረቀት ይመጣል፣ ወረቀት ይመለሳል። ስለ ፍንጭቷ ስትነግረው «በስዕል ላይ እመቤቶች አፋቸውን አይከፍቱም» አላት። «እሷ ግን ትከፍት ነበር!» ብላ ጮኸችና ያቁት ዝም አሰኛት። ስለ ጠባሳው ስትነግረው ነደፈው፤ ጠባሳው በማያውቁት ሴት ከንፈር ላይ የተቀመጠ ዝንብ መሰለ፤ አስፋቀችው። ወንድም አላት ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አላት፣ ግን አንድ ጠጉር እንኳ አይመስላትም። ሕፃኗስ ቢላት፣ ሕፃኗ ገና እንደ ማንኛውም ሕፃን ናት፤ ጉንጭ ብቻ።

አንድ ቀን ሰንደሊ ቃል እንደማያዋጣት ስትረዳ ወጥ ቤት ገባችና ለቂጣ ከተቦካው ሊጥ አንድ ጉልቻ የሚያህል ለምና ወሰደች። ለብቻዋ ተቀምጣ ፊት ማበጀት ጀመረች። እጆቼ ያውቋታል ብላ ነው፤ ስንት ዓመት ሙሉ ግንባሯን፣ ጆሮዋን፣ ማጅራቷን ሲዳስሱ የኖሩ እጆች ናቸው። ስትጨርስ ቀና ብላ አየችው። ወጥ ቤቶቹም መጥተው አዩት።

«ይቺ ፍየል የማን ናት?» አለች አንዷ።

ሳቁ ወጥ ቤቱን ሞላው። ሰንደሊ ሊጡን ጨፍልቃ ላያቸው ላይ ጣለችባቸውና ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ሰዓሊው ክፉ ሰው አልነበረም። በመጨረሻው ቀን ያቁት ውኃ ሊጠጣ ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አዋያት። «እህቴ፣ የወንድ ፊት ከሆነ ሚርዛን ጨምሮ የመቶ ሹማምንት ፊት ስያለሁ፤ አይቼ ነዋ። የሴት ፊት ግን አንድ ብቻ ነው የተማርኩት። አስተማሪዬ የሴት ፊት በመርፌ የተበሳበት የሚዳቋ ቆዳ ሰጠኝ፤ እሱን ወረቀት ላይ አስቀምጦ የከሰል ዱቄት መንፋት ነው። አስተማሪዬም ከአስተማሪው ነው ያገኘው። እጄ ቢያውቅም ባያውቅም ወደዚያው ይሄዳል። ሚርዛ ደግሞ ከበዓሉ በፊት ይድረስ ብለዋል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

ከዚያ ቀለም ገባ። ልብሷን፣ ሻሿን፣ የግንባሯን ዕንቁ፣ በጣቶቿ የያዘችውን አበባ፣ ሁሉን አሳምሮ ሠራው። በእጅጌዋ ጨርቅ ውስጥ ክንዷ ይታያል፤ ጨርቁ ከጭስ የሳሳ ነው። ዳሩን ወርቅ ቀቢዎቹ በወርቅ አበባ ሞሉት። እንደዚያ ያለ ውብ ስዕል በቤቱ ታይቶ አይታወቅም።

ስዕሉ ለሚርዛ የቀረበ ቀን ሰንደሊም ተጠርታ ከእልፍኙ በር አጠገብ ቆመች። ያቁት አስቀድሞ «ከተጠየቅሽ፣ እሷ ናት በይና ተገላገይ» ብሏታል። እሷ ግን ልቧ ቆርጦ ነበር። ሚርዛ ቢጠይቋት እውነቱን ልትናገር፣ ቢቆጧትም ልትችል ወስና ነው የመጣችው። ምናልባት እሳቸው ራሳቸው አይተው ይጥሉት ይሆናል፤ ባሏ አይደሉ?

ሚርዛ ስዕሉን ከጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አጎነበሱበት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እሷ ናት» አሉ። «ያ ረብ፣ እሷ ናት። ሰንደሊ፣ ምላስሽ ይባረክ፤ መልሰሽ አመጣሽልኝ።»

«ጌታዬ…» አለች ሰንደሊ።

ያቁት ክንዷን ጨመደዳት። ሚርዛ እንባቸውን እየጠረጉ የራሳቸውን ሻል አንስተው ሰጧት። የካሽሚር ሻል ነው፤ እንደ አባቷ ያለ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ የሚሸምነው። ሻሉን በሁለት እጇ ተቀብላ ቆመች። እኚህን ሰው፣ እንደ ልጅ የሚንሰቀሰቁትን፣ ይህቺ ሚስትዎ አይደለችም ብሎ ማን ይነግራቸዋል? ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና ወጣች።

ሕፃኗ ዱርዳና ተባለች፤ አሳዳጊዋም ሰንደሊ ሆነች። ጉንጭ ብቻ የነበረው ፊት ከዓመት ዓመት እየተለየ መጣ። በመጀመሪያ ቅንድቧ ወፈረ። ቀጥሎ አገጯ ሰፋ። የወተት ጥርሷ ወልቆ አዲሱ ሲበቅል ከመሃል ፍንጭት ሆነ። ሰንደሊ አንድ ቀን ጠዋት ጸጉሯን ስትፈታ ልጅቷ ዞር ብላ ግራ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ አየቻት፤ ማበጠሪያው ከሰንደሊ እጅ ወደቀ።

«ምነው ቡዋ?» አለች ልጅቷ። አክስቴ እንደማለት ነው፤ በእልፍኙ ያሉ ልጆች ሁሉ ሰንደሊን የሚጠሯት እንዲህ ነበር።

«ምንም። እናትሽ መጣች» አለች ሰንደሊ።

ዱርዳና ግን እናቷን ታውቃት ነበር። በየበዓሉ ሚርዛ መድብሉን ከሐር ጨርቁ አስፈትተው ለልጃቸው ያሳዩዋታል። ልጅቷ እያደገች ስትሄድ ከስዕሉ ተመልሳ መስታወት ፊት መቀመጥ ጀመረች። ጣቷን ቅንድቧ ላይ ታሳልፋለች፤ አገጯን በመዳፏ ትሸፍናለች። የአጎቶቿ ልጆች «ከጨረቃዋ እንዴት ይቺ ወጣች?» ብለው ሲያሾፉባት ሰምታለች።

«ቡዋ፣ ለምንድን ነው እናቴን ያልመሰልኳት?»

«ማን ነው አልመሰልሻትም ያለሽ? ቁርጥ እሷን ነሽ። ከዚህ እስከዚህ እሷን ነሽ!» አለች ሰንደሊ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ።

«አታባብዪኝ። አይቻታለሁ።»

«ያየሽው ስዕሉን ነው። ስዕሉ እሷን አይመስልም።»

ዱርዳና ፊቷን አስለቀቀች። «አባቴ በየበዓሉ የሚያለቅስበትን? አባቴ የገዛ ሚስቱን አያውቃትም ነው የምትይኝ?»

«አባትሽ አዝነው ነበር፣ ልጄ…»

«ደግሞስ ለሰዓሊው የነገርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ሁሉም የሚያወራው ይህንኑ ነው። ሻሉንስ በምን ተሸለምሽ?»

ሰንደሊ ማበጠሪያውን አንስታ የልጅቷን ጸጉር ማበጠር ጀመረች።

ለሚርዛ ለመንገርም ሞከረች። አንድ ከሰዓት ልጃቸውን ሊያዩ መጥተው ሲቀመጡ «ጌታዬ፣ ዱርዳና እናቷን እንዴት እንደመሰለች ያያሉ?» አለች። ሚርዛ ልጃቸውን በደንብ፣ በፍቅር ዓይን አዩና ፈገግ አሉ። «እናቷን የት መስላ! ይህ አገጭ የኛ ቤት ነው፤ የአክስቴ ነው። እናቷማ…» ብለው እጃቸውን አየር ላይ ቀስ አድርገው አወረዱ፤ የሾለ አገጭ ነበር የሳሉት። ዱርዳና አንገቷን ደፋች። ሰንደሊ ያን ጊዜ ገባት፤ ሰውዬው የዋሹት ነገር የለም። የሚያስታውሱት ይህንኑ ነው።

በመጨረሻ ተሸፋፍና ወደ ኡስታዝ ቲሎክ ቤት ሄደች። ሚስቱ ተቀብላ በጓሮ በኩል አስገባቻት፤ እንደ ድሮው መጋረጃ ተጋርዶ ተነጋገሩ።

«ያኔ ስዕሉ እሷን እንዳልመሰለ ያውቁ ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«ሚርዛ ሲያለቅሱ እኔ ከደጅ ቆሜ ነበር። ያንቺን ድምፅ ስጠብቅ ‹ጌታዬ› ብለሽ ቀረሽ። አወቅሁ።»

«እንግዲያው አንድ ትንሽ ወረቀት ላይ እሷን ይሥሩልኝ። ለመድብሉ አይደለም፤ ለልጅቷ ብቻ። ልጅቷን ቢያዩዋት እኮ…»

«ያልተዳረች የሚርዛ ልጅ ፊት? እህቴ፣ ዓይኔን በጋለ ብረት ሊያወጡት ነው የምትፈልጊው?»

«እኔ ልንገርዎት።»

ከሰሉን ሲያነሳ ሰማች። «ንገሪኝ» አላት።

ሰንደሊ ዓይኗን ጨፈነች። ማህሊቃን ጠራቻት። ዓይኗ እንደ ለውዝ፣ ቅንድቧ እንደ ቀስት ሆኖ፣ በጣቶቿ አበባ ይዛ መጣች። ሰንደሊ ራሷን ነቀነቀች፤ ደግማ ጠራች፤ ያችው መጣች። የዱርዳናን ፊት አስታውሳ ከሱ ልትነሳ ሞከረች። ቅንድቡ የእናቷ ነው፤ እሺ። አገጩስ? የማህሊቃ አገጭ እንዲህ ነበር ወይስ እውነት የሚርዛ አክስት አገጭ ነው? ጠባሳው በየትኛው በኩል ነበር፣ በቀኝ ወይስ በግራ?

«እህቴ?» አለ ሰዓሊው።

«ትንሽ ይታገሱኝ።»

ታገሳት። ብዙ ታገሳት። ከዚያ ከሰሉን ሲያስቀምጥ ተሰማ። «ተይው፣ ሂጂ» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «ስንት ሰው ስዬ ነው እኔስ የረሳሁት። ከሳልኩት በኋላ የማየው ስዕሌን ነው።»

ዱርዳና ለአንድ የካቡል ሹም ልጅ ታጨች። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ቤቱ ሁሉ በሂናና በጽጌረዳ ውኃ ሽታ ተሞልቶ፣ የከበሮው ድምፅ ከግቢ እየመጣ፣ ሰንደሊ ሙሽራይቱን ልታሰናዳ ማበጠሪያዋንና ዘይቷን ይዛ ገባች። ጉልበቷ ስለሚያማት ትራስ ላይ ተቀመጠች። ዱርዳና ሁሉንም አስወጣችና ፊቷን ወደሷ መለሰች።

«ቡዋ፣ እንደ እናቴ አድርጊኝ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ጸጉሬን እንደ ስዕሉ፣ ከመሃል ከፍለሽ ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጊው። ዕንቁውን ግንባሬ ላይ። ቅንድቤን ደግሞ በክር አቅጥኚልኝ።»

«ቅንድቡን እንኳ ተዪው የኔ ልጅ። እናትሽ…»

«ቡዋ!» ዱርዳና አልተቆጣችም፤ ድምጿ የለማኝ ድምፅ ነበር። «ሰውዬው ዛሬ ሲገልጠኝ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው። አንድ ቀን ብቻ እሷን ልምሰል። እምቢ ካልሽ የአጎቴ ሚስት አገልጋይ አለች፣ እጇ ደረቅ ነው፣ ታቆስለኛለች።»

ሰንደሊ ክሩን አነሳች። አንዱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ በሁለት ጣቷ አከረረችው። የልጅቷን ፊት ወደ ብርሃኑ አዞረች። በቀኙ ጀመረች። ክሩ በገባና በወጣ ቁጥር ጥቁሮቹ ጸጉሮች ጭኗ ላይ ባነጠፈችው ነጭ ጨርቅ ላይ ይረግፋሉ። ወደ ግራው ስትመጣ፣ ወደዚያ ከፍ ወዳለው፣ እጇ ቆመ።

«አመመሽ?» አለች።

«አላመመኝም። ጨርሺው።»

ጨረሰችው። እጇ ድሮም ጎበዝ ነበር፤ ሁለቱን እኩል አድርጋ፣ እንደ ቀስት አቅጥና፣ ቀዩን ቆዳ በጽጌረዳ ውኃ አበረደችው። ጸጉሩን ከፈለች፣ አጠበቀች፣ ዕንቁውን አንጠለጠለች። ዱርዳና መስታወቱን አንስታ ተመለከተች። ፍንጭቷ እንዳይታይ ከንፈሯን ገጥማ ፈገግ አለች።

«አሁንስ መሰልኳት?»

«መሰልሻት» አለች ሰንደሊ።

ከሠርጉ በኋላ የካቡል ሰዎች ሙሽራይቱን ይዘው ሄዱ። ሰንደሊ አብሬ ልሂድ ብላ ለምና ነበር፤ ተራራውን በዚህ ጉልበትሽ አትችዪውም ተባለች። ተሸካሚዎቹ ሙሽራይቱን በተጋረደ ወንበር ይዘው ከበሩ እስኪሰወሩ ድረስ ከሰገነቱ ላይ ሆና አየች። ወደ ክፍሉ ስትመለስ ጠራጊዎቹ ቀድመዋት ምንጣፉን አንስተው፣ ቅንድቡ የረገፈበትን ነጭ ጨርቅ በመስኮት አራግፈው፣ ወለሉን በውኃ እያጠቡ ነበር።

«ቡዋ፣ ቆመሽ አትቅሪ፣ ጫማሽ ይርስብሻል» አለች አንዷ ሳቅ እያለች።

ሰንደሊ ጫማዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ በኋላም በዚያው ቤት ጥቂት ክረምቶች ኖረች፤ የሚርዛን ታናሽ እህት ጸጉር ታበጥር ነበር። እህትዬዋ እንደ ድንጋይ ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት ስለነበረች ሥራው ቶሎ ያልቃል።